በሐዋሳ ተራሮች፣ በታቦርና በአላሙራ፣ መንገድ ላይ የዱር አበባን ፎቶ ማንሳትና መለየት

«ይሄ አበባ ምንድነው?» የሚል ጥያቄ ከፎቶ ጋር ይደርሰኛል። ፎቶው ብዙ ጊዜ ያምራል። ቢጫ አበባ መሃል ላይ፣ ከኋላው የደበዘዘ የሐዋሳ ሐይቅ። መልስ ለመስጠት ግን አይመችም። ቅጠሉ አይታይም፣ ግንዱ አይታይም፣ የአበባው ጀርባ አይታይም፣ ፍሬውም የለም። ፊቱ ብቻ ነው ያለው። በፊቱ ብቻ ደግሞ አስር የሚሆኑ አበቦች ይመሳሰላሉ።

ስለዚህ ከታች ያለው መመሪያ ፎቶ ማሳመርን ሁለተኛ ቦታ ላይ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ግብ ቤት ገብታችሁ ስታዩት የሚለይ ፎቶ ማምጣት ነው። ስልክ ብቻ ይበቃል። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ወሩንና ሰዓቱን ምረጡ

ጥሩው ጊዜ ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተራራው ቢጫ ይሆናል። ሁለተኛው ዕድል የበልግ ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። በበጋ ብትወጡም ባዶ እጃችሁን አትመለሱም፤ አበባው ቢያልቅም ፍሬና ዘር ታገኛላችሁ። እነሱ ለመለየት ከአበባው በላይ የሚጠቅሙበት ጊዜ አለ።

ከጠዋቱ 12፡30 ጀምራችሁ እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ አንሱ። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ነፋስም ብዙ አይኖርም። ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፤ ነጭና ቢጫ አበባ ፎቶው ላይ ተቃጥሎ ዝርዝሩ ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ አበባውን አላስቆም ይላችኋል።

ማታ ከባድ ዝናብ ከጣለ አንድ ቀን ጠብቁ። የሁለቱም ተራሮች መንገድ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ፎቶ ለማንሳት ደግሞ የምትንበረከኩት ጠርዝ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ከቤት ሳትወጡ አዘጋጁ

ስልኩን፦
- የካሜራው የቦታ መመዝገቢያ (ሎኬሽን) መብራቱን አረጋግጡ። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ስለዚህ ዳታ የለኝም ብላችሁ አታጥፉት።
- ቀኑና ሰዓቱ ትክክል መሆኑን እዩ።
- የማስዋቢያ ፊልተሩን በሙሉ አጥፉ። «ፖርትሬት» የሚለውንም አትጠቀሙ። ጀርባውን ሲያደበዝዝ የአበባውን ቅጠሎች ጫፍና ጸጉር አብሮ ይበላዋል።
- ቦታ አስለቅቁ። በአንድ ጠዋት 200 ፎቶ ማንሳት ብርቅ አይደለም።
- ሌንሱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። ደብዛዛ ፎቶ ከሚያመጡ ምክንያቶች ቀላሉ የጣት ቅባት ነው።

ቦርሳ ውስጥ፦ ትንሽ የተማሪ ማስመሪያ፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ሁለት የልብስ መቆንጠጫ፣ ጃንጥላ፣ ደብተርና እርሳስ፣ ውሃ፣ ፓወር ባንክ። እርሳስ ያልኩት እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ ስለማይጽፍ ነው። ረጅም ሱሪና የተሸፈነ ጫማ ልበሱ።

መለያ አፖችንም እዚሁ ቤት አውርዱ። አይናቹራሊስትና ፕላንትኔት ይበቃሉ። አካውንት መክፈቱን ተራራው ላይ አትሞክሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ብቻችሁን አትውጡ፤ የት እንደምትሄዱም ለቤተሰብ ንገሩ። ወደ አላሙራ ስትወጡ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ፓርክ በኩል ወደ ታቦር የምታልፉ ከሆነ ምግብ በእጃችሁ አትያዙ፤ ጦጣዎቹ ይነጥቃሉ። ሐይቁ ዳር ያለው ደንገል ውስጥ ለአበባ ብላችሁ አትግቡ። ጉማሬ አለ።

ደረጃ 3፦ ከመንበርከካችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ

አበባውን አግኝታችኋል። ቁሙ። እጃችሁን አትዘርጉ። መጀመሪያ አጠገቡ ምን እንዳለ ተመልከቱ።

- ሳማ ካለ በሱሪም ይገባል። ራቅ ብላችሁ ቦታ ቀይሩ።
- ቁልቋልና ቅንጭብ ወተት አላቸው። ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ከነካችሁ ዓይናችሁን ከማሸታችሁ በፊት እጃችሁን በውሃ ታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።
- ፓርቲኒየም፣ ማለትም ቅንጨ አረም፣ መንገድ ዳር ሞልቷል። ትናንሽ ነጫጭ አበቦች፣ የተተለተለ ቅጠል። ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስቸግራል። መሃሉ ተቀምጣችሁ ሌላ አበባ አታንሱ።
- አስተናግር ትልቅ፣ ነጭ፣ ጥሩንባ የመሰለ አበባና እሾሃማ ፍሬ አለው። ሁለመናው መርዝ ነው። ፎቶ አንሱት፣ ልጆች ግን እንዳይጫወቱበት።

አንድም ተክል አትቅመሱ። አፑ «ይበላል» ቢልም አትቅመሱ።

ደረጃ 4፦ ስምንቱን ፎቶዎች በተራ አንሱ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ለአንድ ተክል ስምንት ፎቶ። ተራውን ጠብቁ፤ ካልጠበቃችሁ አንዱን መርሳታችሁ አይቀርም። የሚረሳውም ሁልጊዜ ጀርባው ነው።

1. መዳፋችሁን አንሱ። አዎ፣ ባዶ መዳፍ። የአንዱ ተክል ፎቶ አልቆ የሌላው መጀመሩን ቤት ስትገቡ በዚህ ትለያላችሁ። ቢጫ አበቦች ጋለሪ ውስጥ ሲደባለቁ የማን ቅጠል የማን አበባ እንደሆነ ማንም አያውቅም።

2. ሙሉ ተክሉን ከነአካባቢው። ሳር ነው፣ ቁጥቋጦ ነው፣ ሐረግ ነው? ድንጋይ ላይ ነው፣ ጥላ ሥር ነው? ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንሱ።

3. አበባውን ከፊት። ስልኩን ከአበባው ፊት ጋር ትይዩ አድርጉ። ብዙ ስልኮች ከ10 ሳንቲሜትር በታች ሲጠጉ አያጠሩም። ስለዚህ ከመጠጋት ይልቅ ራቅ በሉና 2 ጊዜ ዙም አድርጉ። መሃሉን በጣት ነክታችሁ ቆዩበት፤ ፎከሱ ይቆለፋል። ከዚያ የብርሃን ማስተካከያዋን ትንሽ ወደ ታች ሳቡ። ለቢጫና ለነጭ አበባ ይህን ካላደረጋችሁ ፎቶው ላይ ቀለም እንጂ አበባ አይኖርም።

4. አበባውን ከጎን። ቱቦ አለው? ከንፈር አለው? የውስጡ ክሮች ወጥተዋል?

5. የአበባውን ጀርባ። አበባውን ሳትቆርጡ በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ከቀለሙ ሥር ያሉትን አረንጓዴ ቅጠላት አንሱ። ስንት ናቸው? ሰፊ ናቸው ወይስ ቀጭን? ጸጉር አላቸው? ከስምንቱ አንድ ብቻ እንድመርጥ ብገደድ ይህን ነው የምመርጠው።

6. ቅጠሉን ከላይም ከታችም። ሁለት ፎቶ ቢሆንም እንደ አንድ ቁጠሩት። ማስመሪያውን አጠገቡ አድርጉ። ማስመሪያ ከሌለ የአንድ ብር ሳንቲም ይሠራል።

7. ቅጠሉ ግንዱን የሚይዝበትን ቦታ። ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ተያይተው ጥንድ ጥንድ ነው የወጡት ወይስ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ? ግንዱ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ዓይን ካልለየው ግንዱን በጣት አዙሩት፣ ማዕዘኑ ይሰማችኋል። እሾህ ካለ ግን ተዉት።

8. ፍሬና ዘር። አበባው ላይ ካጣችሁ ከሥር የደረቀውን ፈልጉ። አጠገቡ ያለ ሌላ ተመሳሳይ ተክል ላይም ይገኛል። ሱሪያችሁ ላይ የተጣበቀውን ጭጎጎት እንኳ አትጣሉ፤ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ አንሱት።

ካልተሳካ

ነፋስ ካወዛወዘው፦ አጠገቡ እንጨት ትከሉና ግንዱን በልብስ መቆንጠጫ ከእንጨቱ ጋር ያዙ። መቆንጠጫውን አበባው አንገት ላይ አታድርጉት፣ ይሰበራል። በተከታታይ ደርዘን ያህል አንስታችሁ ጥርት ያለውን ማስቀረትም ይቻላል።

ካሜራው አበባውን ትቶ ከኋላ ያለውን ሳር ካጠራ፦ ጥቁር ጨርቁን ከአበባው ኋላ አድርጉ። ፎከሱ ሌላ የሚሄድበት አይኖረውም። ለቀጫጭንና ለነጫጭ አበቦች ይህ ብቻውን ግማሹን ችግር ይፈታል።

ፀሐዩ ከጠነከረ፦ ጃንጥላውን ዘርጉና አበባውን ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ አስገቡ። ግማሹ ጥላ ግማሹ ፀሐይ ከሆነ ከምንም ይከፋል። ፍላሽ አትጠቀሙ።

ወይን ጠጁ አበባ ፎቶው ላይ ሰማያዊ ከሆነ፦ ስልኩን አታምኑት። ትክክለኛውን ቀለም ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 5፦ ፎቶ የማይዘውን ጻፉ

ሽታ ፎቶ ላይ የለም። ከአንድ ቅጠል ጫፍ ትንሽ ጨፍልቃችሁ አሽትቱ። ወተት ካለው ተዉት፤ እሱም ራሱ መረጃ ነው፣ «ወተት አለው» ብላችሁ ጻፉ። ቁመቱን በክንድ ወይም በሜትር መዝግቡ። ንብ ወይም ቢራቢሮ ካረፈበትም እንዲሁ።

በመንገዱ የሚያልፉ አዋቂዎችን ጠይቁ። «አባባ፣ ይሄን ምን ትሉታላችሁ?» በሉ፤ በሲዳምኛ የነገሯችሁን እንደሰማችሁት ጻፉ። ለምን እንደሚጠቀሙበትም ጠይቁ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ መጨረሻ ግን አይደለም። ኮሸሽላ የሚባሉት እሾሃማዎች ብቻ ከአንድ በላይ ዝርያ ናቸው።

አትንቀሉ። ለፎቶ ተብሎ የሚነቀል ነገር የለም።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያ ቤተሰቡን ለዩ

ቤት ገባችሁ። አፑን ወዲያው አትክፈቱ። የተክሉን ቤተሰብ ራሳችሁ ካወቃችሁ አፑ ሲሳሳት ትይዙታላችሁ። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ጓሮና ኩሽና ውስጥ የምታውቋቸው ተወካዮች አሏቸው።

- ጥቅጥቅ ያለ መሃል፣ ዙሪያውን ቅጠል የመሰሉ ቀለማት፦ የሱፍና የኑግ ቤተሰብ። አንድ አበባ የሚመስለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። አደይ እዚህ ነው።
- ቢራቢሮ የመሰለ አበባ፣ ፍሬው እንደ አተር ቆባ፦ የባቄላ ቤተሰብ። የቢጫ አበባ ዘለላ የሚያንጠለጥለው ዲግጣ እዚህ ይገባል።
- ከንፈር ያለው አበባ፣ አራት ማዕዘን ግንድ፣ ጥንድ ቅጠል፣ ሽታ፦ የበሶብላ ቤተሰብ። ዳማ ከሴና ጦስኝ ዘመዳሞች ናቸው። ግንዱ ላይ ደረጃ በደረጃ ክብ ክብ ሆኖ ብርቱካናማ የሚያብበው ራስ ክምርም።
- አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ መሃሉ ላይ የተሰበሰበ ቢጫ፦ የቲማቲምና የድንች ቤተሰብ። ወይን ጠጅ ከሆነ፣ ግንዱና ቅጠሉ እሾህ ካለው፣ እንቧይን ጠርጥሩ።
- አምስት ሰፋፊ የአበባ ቅጠሎች፣ ክሮቹ መሃል ላይ በአንድ ምሰሶ የተያያዙ፦ የባሚያና የጥጥ ቤተሰብ።
- አራት የአበባ ቅጠል በመስቀል ቅርጽ፣ ቀጭን ረጅም ፍሬ፦ የጎመን ቤተሰብ።
- ሦስት ወይም ስድስት የአበባ ቅጠል፣ በአረንጓዴው ቅጠል ላይ ያሉት መስመሮች ትይዩ፦ የሽንኩርት፣ የእሬትና የመሳሰሉት ወገን።

ሁለት ነጫጭ ቁጥቋጦዎች ብዙ ሰው ያደናግራሉ። ቀጋና አጋም። ሁለቱም እሾህ አላቸው፣ ሁለቱም አምስት የአበባ ቅጠል አላቸው። ቀጋ የጽጌረዳ ዘመድ ነው፤ አንዱ ቅጠል ወደ ትናንሽ ቅጠሎች ተከፍሏል፣ አበባውም ሰፊና ክፍት ነው። የአጋም ቅጠል ያልተከፈለና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ጥንድ ጥንድ ይወጣል፣ ሲቆረጥ ወተት አለው፣ አበባው ከቀጭን ቱቦ ላይ ይከፈታል። ሰባተኛው ፎቶ ካላችሁ በሁለት ሰከንድ ያልቃል።

ጥንቃቄ፦ አራት ማዕዘን ግንድ ብቻውን አያሳምናችሁ። የወፍ ቆሎ፣ ማለትም ላንታና፣ ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፣ ቅጠሉ ጥንድ ነው፣ ይሸታልም። የበሶብላ ቤተሰብ ግን አይደለም። በእሾሁና በአበባው ቀለም ትለዩታላችሁ፤ አንዱ ዘለላ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ አብረው ይታያሉ። ከደቡብና መካከለኛው አሜሪካ የመጣ ወራሪ ነው፤ ብዛቱ ሲያዩት የአገር ተክል ይመስላል።

ደረጃ 7፦ የመስከረምን ቢጫ ለዩ

በመስከረም ቢጫ የሆነውን ሁሉ «አደይ» እንላለን። ለበዓል ይሁን፣ ለመለየት ግን አይሆንም። ከአደይ ጋር በብዛት የሚምታታው መጭ ነው፤ የኑግ የቅርብ ዘመድ፣ እርሻና መንገድ ዳር የሚበቅል።

በፊት በኩል ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ሁለቱም ቢጫ መሃል አላቸው። የአበባ ቅጠል መቁጠርም አያዋጣም፣ ከአበባ አበባ ይለያያል። እነዚህን ሦስቱን በተራ እዩ።

1. ጀርባውን፣ ማለትም አምስተኛውን ፎቶ። አደይ ውጭ በኩል ቀጫጭን አረንጓዴዎች፣ ከእነሱ ውስጥ ደግሞ ስስና ቢጫ ወይም ቡናማ የሚያደላ ሌላ ረድፍ አለው። መጭ ከውጭ አምስት ሰፋ ያሉ አረንጓዴ ቅጠላት አሉት።

2. የግንዱን ቅጠል። የመጭ ቅጠል ያልተከፈለ ነው፣ ሲዳስሱት ይሻክራል፣ አንገት ሳይኖረው ግንዱን አቅፎ ይይዛል። የተለመደው አደይ ቅጠል ደግሞ በጥልቀት የተተለተለ ነው። ሆኖም አደይ ብለን የምንጠራቸው፣ በሳይንሱ ቢደንስ በሚባለው ወገን ያሉ፣ ከአንድ በላይ ዝርያዎች ናቸው፤ ቅጠላቸው እንደ ዝርያው ይለያያል። ስለዚህ ቅጠሉ ካልተተለተለ ወዲያው «መጭ» አትበሉ፣ ወደ ሦስተኛው እለፉ።

3. ዘሩን። የመጭ ዘር ኑግ ይመስላል፤ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ጫፉ ላይ ምንም የሌለው። የቢደንስ ወገን ዘር ጠፍጣፋ ወይም ረዘም ያለ ነው፤ ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ ሁለት ቀንድ የመሰለ ነገር ወይም ጎናቸው ላይ ስስ ክንፍ አላቸው።

ዘር ካላገኛችሁ ቦታውን መዝግባችሁ ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። እስከዚያ «የኑግ ቤተሰብ፣ ቢጫ» ብላችሁ ተዉት። ያልተሟላ ስም ከተሳሳተ ስም ይሻላል።

ደረጃ 8፦ አፑን በትክክል ጠይቁ

1. ፕላንትኔት ላይ ስትገቡ አካባቢውን ኢትዮጵያን ወደያዘው የአፍሪካ ክፍል ቀይሩ። ይህን ካላደረጋችሁ የአውሮፓ ሜዳ አበባ እየሰጣችሁ ያደክማችኋል።
2. የአንዱን ተክል ፎቶዎች በአንድ ላይ ጫኑ። አበባ፣ ቅጠልና ፍሬ እያላችሁ ለይታችሁ። አንድ ፎቶ ብቻ መጫን ይህን ሁሉ ድካም መና ያስቀራል።
3. የመጀመሪያውን መልስ ወዲያው አትቀበሉ። በደረጃ 6 ካገኛችሁት ቤተሰብ ጋር ይገጥማል? ካልገጠመ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እዩ።
4. አይናቹራሊስት ላይ በእርግጠኝነት የምታውቁትን ያህል ብቻ ጻፉ፣ ቤተሰብ ከሆነ ቤተሰብ። ሌሎች ሰዎች አይተው ያጠሩታል። ከተማ ውስጥ የተተከለ ጃካራንዳ ወይም ቦጋንቪሊያ ከሆነ «የተተከለ» የሚለውን ምልክት አድርጉ።
5. ሰው የሚነቅለው ወይም ብዙ የማይገኝ ተክል ከሆነ ቦታውን የሚያደበዝዘውን ምርጫ ተጠቀሙ። ትክክለኛው ቦታ ደብተራችሁ ላይ ይቆይ።

ካልተሳካ

አፑ ለአንድ ተክል ሦስት የተለያየ ስም ከሰጣችሁ፦ ስሞቹ የአንድ ወገን ናቸው? ከሆኑ ያንን ወገን ያዙ። ካልሆኑ የሁለት ተክል ፎቶ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ የመዳፋችሁን ፎቶ ፈልጋችሁ እንደገና ለዩ።

ማንም ካልመለሰላችሁ፦ ወንዶ ገነት ሩቅ አይደለም። እዚያ ያለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ይህንን ትምህርት የሚያስተምርበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ተክሎች ስብስብ፣ አለ። ስምንቱን ፎቶ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የደብተሩን ማስታወሻ አሟልታችሁ ጠይቁ። «ይሄ ምንድነው?» ብቻ ብላችሁ አትላኩ።

ፎቶውን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ፦ በተለመደው መንገድ ከላካችሁት ጥራቱ ይወርዳል፣ የቦታው መረጃም ይጠፋል። «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩ። ፋይሉ ትክክለኛውን ቦታ ይዞ ስለሚሄድ ግን ለማታውቁት ትልቅ ግሩፕ አይላክም።

አፑ ስሙን ካገኘ በኋላ «ለዚህ በሽታ መድኃኒት ነው» የሚል ነገር ካነበባችሁ፦ ስልክ ባወቀው ተክል አትታከሙ። ዲግጣን ብቻ እንኳ ብናይ፣ ሰዎች ዓሣ ለማደንዘዝ የሚጠቀሙበት ተክል ነው።